የዞናችን የምርት ቁጥር ከማሳው እስከ ሪፖርቱ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

የገራዶ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች። ረዘም ይላል ግን አንብቡልኝ፣ ልጽፈው ልጽፈው እያልኩ የቆየሁት ነገር ነው። የግብርና ናሙና ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ 4 መኸርና 2 በልግ ሰርቻለሁ፣ ደጋውንም ቆላውንም። ባለፈው ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አንዱ ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ በዞናችን በደቡብ ወሎ ምርት ጨምሯል የሚል ዜና አነበበልን። አጠገባችን የተቀመጡ የደላንታ ሰው ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ "የማንን ማሳ አይተው ነው?" አሉ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ የሚይዝ አንድ የቆጠራ ቦታ ይሰጥሃል። ቤት ለቤት ዞረህ ትመዘግባለህ፣ ከዛ ዝርዝር ውስጥ 20 ገበሬ በእጣ ይወጣል፣ የነሱን ማሳ አንድ በአንድ ትለካለህ። ሰብሉ ሲደርስ ደግሞ በእጣ የወጣው ማሳ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ታጥራለህ። የት እንደምታጥር አንተም ገበሬውም አትመርጡም፣ የእጣ ቁጥር ነው ሚመርጠው፣ ከማሳው ጥግ ተነስተህ ይሄን ያህል ወደ ርዝመቱ ይሄን ያህል ወደ ወርዱ ትሄዳለህ። 4 ካስማ፣ ገመድ፣ ማጭድ። ውስጡ ያለው ታጭዶ ደርቆ ተወቅቶ ይመዘናል።

16 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ሄክታር 10,000 ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ያየኸው በ625 ይባዛል። ገመዱ ላይ ያረፈችውን አንዲት ጭብጥ ገብስ ወደ ውስጥ ካስገባሃት፣ 100 ግራም ትሁን፣ በሄክታር ከ60 ኪሎ በላይ የሌለ እህል ጻፍክ ማለት ነው።

አንድ አመት ደጋ ላይ፣ ቦታውን አልጠራም፣ እጣው ካሬውን ድንጋያማ ጥግ ላይ ጣለው። ገብሱ ሳስቷል፣ በመሃሉ አፈሩ ይታያል። አብሮኝ የመጣው የአካባቢው ሃላፊ "እዚህ ከምትቆርጥ ማዶ ያለው የሞዴል ገበሬው ማሳ ላይ አድርገው፣ ይሄ እኛን አይወክልም" አለኝ። ባለማሳው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው ሲሰሙ ቆዩና "ተወው ይቁረጥ፣ እኔም እኮ ከዚችው ነው ምበላው" አሉ። ካስማውን እዛው መታሁት።

ሌላ ጊዜ ግን እንደዛ አልሆንኩም። ክረምት ነው፣ ወንዝ ሞልቷል፣ አበል 2 ወር ዘግይቷል፣ ማዶ ያለችውን አንዲት ማሳ ሳልሻገር በአይኔ ገምቼ ሞላኋት። በጥናቱ የገባ አንድ ገበሬ ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩትን ወክሎ ነው የሚገባው፣ ያን ቀን የሳትኩት የአንድ ሰው ማሳ ብቻ አልነበረም። እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ናሙናው ተሰልቶ የተዘጋጀው እስከ ዞን ድረስ የሚታመን ቁጥር እንዲሰጥ ነው። ወረዳ ላይ ስትወርድ የተለካው ማሳ ስለሚያንስ ቁጥሩ አይታመንም። ታድያ የወረዳ ቁጥር ከየት ይመጣል? ከሌላ መስመር፣ ከቀበሌ ልማት ሰራተኛ ወደ ወረዳ ግብርና ከወረዳ ወደ ዞን እያለ የሚወጣ ሪፖርት ነው። ሴፍቲኔቱም እርዳታውም የሚደለደለው ደግሞ በወረዳ ነው። ማለትም በካስማና በሚዛን የተለካው ቁጥር ለውሳኔው አይደርስም፣ ለውሳኔው የሚደርሰው ያልተለካው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚች መንገድ ብቻ ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር ትወርዳለህ። የለጋምቦን በልግና የቃሉን ማሽላ አንድ ላይ ደምረህ "ደቡብ ወሎ ጨመረ" ስትል ደላንታ ላይ የተራበው ሰው እዛ ቁጥር ውስጥ የለም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ቁጥሩን የሚሰበስበውና በቁጥሩ የሚገመገመው አንድ ሰው መሆን የለበትም፣ የተሰበሰበውም ወደ ቀበሌው ተመልሶ ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። እስቲ እናንተስ?

እህል በረንዳ ኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ ማሽላና ማሾ ከሀርቡ ከደጋን ከባቲ መስመር እገዛለሁ። ሰው ስታቲስቲክስ የመንግስት ብቻ ይመስለዋል፣ ለኛም እኮ የእለት እንጀራ ነው። አንድ አመት "ዘንድሮ ማሾ የለም" ተባለ፣ ማን እንዳለው አላውቅም፣ ሹፌር ለደላላ ደላላ ለኔ። ተበድሬ መጋዘን ሞላሁ። 2 ወር ሳይቆይ ገበያው በማሾ ተጥለቀለቀ፣ ከገዛሁበት በታች ሸጥኩ። ያን ጊዜ በቀበሌ ደረጃ ይሄን ያህል ማሳ ማሾ ተዘርቷል የሚል አንድ ወረቀት ቢኖር እኔም አልከስርም ገበሬውም ደላላ ያለውን አምኖ አይሸጥም ነበር።

ደግሞ ማሾ እንዴት ነው የምትለኩት? እኛ አገር እኮ ብዙው ከማሽላ ጋር ተሰባጥሮ ነው የሚዘራው። መሬቱ የማን ይባላል የማሽላው ወይስ የማሾው?

የገራዶ ልጅ

እሱ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ስብጥር ከሆነ ስብጥር ብለህ ትመዘግባለህ፣ ከዛ ለየሰብሉ ድርሻ ይሰጠዋል፣ ድርሻውን ግን ገበሬው በግምት ነው ሚነግርህ። ማሳው በሁለቱም ስም ሙሉ በሙሉ ከተጻፈ መሬት ከየትም በቀለ ማለት ነው። ማሽላው ብቻ ከተጻፈ ማሾህ ከነጭራሹ ጠፋ። ያንተን መጋዘን ያሳሳተው ይሄ ሊሆን ይችላል።

ዲኤ ከደጋ

እኔ ልማት ሰራተኛ ነኝ፣ ስሜንም ቀበሌዬንም አልጽፍም። ሁሌ እኛ ላይ ሲጻፍ ስለማይ ዛሬ ልናገር። በቀበሌ 3 ሆነን ነው የተመደብነው፣ ሰብል፣ እንስሳት፣ ተፈጥሮ ሃብት። በወረቀት 3 ነው፣ አንዱ ሲዛወር አንዱ ትምህርት ሲገባ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ማዳበሪያ ማከፋፈል የኛ ነው፣ ተፋሰስ የኛ ነው፣ ብድር ማስመለስ ሲመጣ የኛ ነው፣ ስብሰባ የኛ ነው፣ ከዛ ላይ "እስከ አርብ የተዘራውን በሄክታር በሰብል አይነት ላክ" ይባላል። ሜትር የለኝ ጂፒኤስ የለኝ። ምን አደርጋለሁ? ያለፈውን አመት ቁጥር አወጣና እቅዱን አያለሁ፣ እቅዱ 10 በመቶ ጨምር ካለ ቁጥሬም እዛው አካባቢ ይደርሳል። ዝቅ አድርጌ የላክሁ ቀን ተደወለልኝ፣ "ጎረቤትህ ቀበሌ 100 በመቶ አሳክቶ አንተ ለምን?" ተባልኩ። ውርጭ መቶት ነው አልኩ። "ውርጩ እነሱ ጋ አልደረሰም?" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነሱ ጋም ደርሷል።

ገራዶ የአንተን ሃሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔን በሰራሁት ስራ ገምግሙኝ፣ ስንት ገበሬ አሰለጠንክ ስንት ማሳ ጎበኘህ በሉኝ። ምርቱን ሌላ ሰው ይለካው።

ሀዋ ከሐይቅ

ዲኤ ወንድሜ ያልከው ነገር እኛ ጋ ብቻ ያለ አይምሰልህ። ስታቲስቲክስ ነው የተማርኩት ትንሽ ልጨምር። ማላዊ በፈረንጆቹ 2007 በመንግስት ግምት በቆሎው ተትረፍርፏል ተባለ፣ ወደ ዚምባብዌ ሁሉ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ የበቆሎ ዋጋ ጣራ ነካ። በኋላ ሲጣራ ግምቱ ከእውነታው በጣም የራቀ ነበር። ለማዳበሪያ ድጎማው ስኬት ማሳያ የሆነ ቁጥር ነበርና ማንም ደፍሮ ዝቅ ሊያደርገው አልፈለገም ይባላል።

የካሬው ነገር ደግሞ ታሪክ አለው። ህንድ ውስጥ እነ ማሃላኖቢስና ሱክሃትሜ የሚባሉ የስታቲስቲክስ ምሁራን የተከራከሩበት ነው፣ ካሬው እያነሰ በሄደ ቁጥር ምርቱ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይወጣል፣ ምክንያቱም ገራዶ እንዳለው መስመሩ ላይ ያለችው ዛላ ወደ ውስጥ ነው የምትገባው። እጅ ወደ መስጠት ያዘነብላል እንጂ ወደ መከልከል አይደለም። ትልቅ ካሬ ስታደርግ ዙሪያው ከስፋቱ አንጻር ስለሚያንስ ስህተቱ ይቀንሳል፣ ግን ማጨድና መውቃቱ ጉልበት ይበላል። የኛ 4 በ4 መሃል ላይ ያለ ምርጫ ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ሰብሳቢው ከሰለጠነና ከተከፈለው።

የመሬት ስፋትም እንዲሁ። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የገበሬውን ግምት፣ ጂፒኤስንና ኮምፓስና ገመድን ያነጻጸሩ ጥናቶች አሉ። የአለም ባንክና የኛው ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት አብረው የሰሩት አለ። በብዙ አገር የታየው ደግሞ ትንሽ ማሳ ያለው ሰው አስፍቶ ይናገራል፣ ትልቅ ያለው አሳንሶ። ጥማድ ራሱ እኮ መለኪያው በሬው ነው፣ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው። ወረቀት ላይ 4ቱ አንድ ሄክታር ይባላል፣ ግን የደጋ ተረተር የሚያርስ የከሳ በሬና ሜዳ ላይ ያለ የጠገበ በሬ እኩል አያርሱም።

በፈረንጆቹ 2010 የተባበሩት መንግስታት ስታቲስቲክስ ኮሚሽን የግብርና ስታቲስቲክስን ለማሻሻል አለም አቀፍ ስትራቴጂ አጽድቋል። ዋናው ሃሳቡ እያንዳንዱ አገር ቢያንስ መሰረታዊ የሆኑትን ቁጥሮች በየአመቱ ያውጣ፣ ግብርናው ከአገሪቱ አጠቃላይ የስታቲስቲክስ ስርአት ጋር ይገናኝ፣ ሰውና ተቋም ይገንባ ነው። ከዛ በ2018 ደግሞ የ50 አገር የግብርና መረጃ እስከ 2030 ይሻሻል ብለው ተነሱ። ጥሩ ነው። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ናሙናው የሚወጣበት መዝገብ ነው። የህዝብ ቆጠራ ያደረግነው በኛ አቆጣጠር በ1999 ነው፣ ሰፊው የግብርና ቆጠራ ደግሞ በ1994። መዝገቡ ካረጀ እጣው ትክክል ቢወጣም የድሮውን አገር ነው የሚያሳይህ። ኮምቦልቻ ዙሪያ በ1999 ማሳ የነበረው ስንቱ ዛሬ ሼድና ቤት ሆኗል፣ በአይናችን እያየን።

ቴክ ኮምቦልቻ

ሰዎች ለምን ራሳችንን እናደክማለን፣ ሳተላይት አለ። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል በነጻ ነው የሚለቀቀው፣ 10 ሜትር ድረስ ያሳያል፣ በየ5 ቀኑ ያልፋል። ማሳውን ከላይ አይቶ ምርቱን መገመት ይቻላል፣ ካስማና ገመድ ያለፈበት ነገር ነው።

የገራዶ ልጅ

ወንድሜ ሃሳብህን አልጠላሁትም ግን 10 ሜትር ማለት አንዷ ነጥብ 100 ካሬ ሜትር ነች። ኩታበር ወጥተህ እየው፣ አንዱ እርከን ላይ ባቄላ ቀጥሎ ገብስ ቀጥሎ ምስር፣ ወርዱ ከአንድ ቤት የማይበልጥ አለ። ሰብሉ በሚያድግበት ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው።

ሀዋ ከሐይቅ

በደመና የሚያይ ራዳር አለ፣ እሱ መፍትሄ አለው። ግን ቴክ፣ ሳተላይቱ አረንጓዴ ነው ይልሃል እንጂ ይሄ ገብስ ነው ያ ስንዴ ነው ብሎ የሚያስተምረው መሬት ላይ የተለካ ማሳ ነው። የገራዶ ካስማ ካልተመታ ሳተላይትህ ምኑን ይማራል? ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ነው የወረዳ ቁጥር የሚገኘው፣ ጥቂት በደንብ የተለካ ማሳ አለህ፣ በሱ ሳተላይቱን ታርመዋለህ፣ ከዛ ያልተለካውን ወረዳ ትገምታለህ።

ቴክ ኮምቦልቻ

እሺ ይሄ ገባኝ። እኔ ያሰብኩት አንዱ ሌላውን ይተካል ብዬ ነበር። መሬት ላይ የተለካው የማሳው ነጥብ ከነሰብሉ ለተመራማሪ ክፍት ቢሆን፣ የሰው ስም ሳይኖርበት፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ብዙ ነገር ሊሰሩበት ይችላሉ።

ኩታበር ያደግኩ

የሁላችሁንም አነበብኩ፣ ስለ መሳሪያው ብዙ ተባለ ስለ ሰውየው ግን አልተባለም። አባቴ ለቆጣሪ እውነቱን ተናግሮ አያውቅም። ሲጠይቁት 2 ላም ይላል፣ በረቱ ውስጥ 5 አሉ። ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ አባቴ በገበያ አንድ ብር አያጭበረብርም። አንደኛ ከብትና ልጅ አይቆጠርም፣ እኛ ቤት "ስንት ናቸው?" ሲባል "አላህ ያብዛቸው" ነው መልሱ፣ አይን ይገባባቸዋል። ሁለተኛ ደግሞ የሚያስፈራው ነገር አለ፣ ብዙ አለኝ ካለ ከሴፍቲኔት ይወጣል መዋጮ ይጨምርበታል። እሱ የሚያውቀው፣ የተናገረው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ወይ ግብር ሆኖ ነው ወይ ከዝርዝር መሰረዝ ሆኖ ነው። አንድ ቀን እንኳ "ባለፈው ያልከን ይሄን ይመስላል፣ ቀበሌያችሁ እንዲህ ነው" ብሎ የመጣ ሰው የለም።

ሌላው ደግሞ ሁሌ የሚጠየቀው አባወራው ነው። ዶሮው ስንት ነው፣ ጎተራው ውስጥ የቀረው እስከ መቼ ያደርሳል፣ ከጓሮ ድንች ስንት ጊዜ ወጣ፣ አባቴ አንዱንም አያውቅም። እናቴ ታውቃለች። ከጓዳ ሆና እየሰማች አባቴ የሚናገረውን በልቧ ስታርመው አያት ነበር፣ አንድም ቀን ወረቀቱ ወደሷ አልዞረም።

የገራዶ ልጅ

እህቴ ይሄን ድሮ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ሌላ አይነት ሰብሳቢ እሆን ነበር። ልክ ነሽ፣ መጠይቁ ላይ መላሽ የሚለው ቦታ ያው አባወራ ነው የምንሞላው፣ እሱ ከሌለ ነው እሷን የምንጠይቀው። ድንቹ ላይ ደግሞ ካሬውም አይሰራም፣ በአንድ ቀን የሚታጨድ ነገር አይደለማ፣ እየተቆፈረ ነው የሚበላው። ጫትም እንደዛው። አመቱን ሙሉ የሚለቀም ነገር በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል፣ እሱም የቤቱ እመቤት ናት።

ከሸዋ በር

ልጆቼ ክራችሁን የልጅ ልጄ አነበበልኝ፣ የምለውንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ በ1965 ጎረምሳ ነበርኩ። ያን አመት ሰው ከየወረዳው እየወጣ መንገድ ዳር ይቀመጥ ነበር፣ ከሰሜን በኩል እየመጣ ደሴ ይገባል፣ መኪና ያስቆማል። ገበያ ስትወጣ ግን እህል አለ። ይሄ ነበር የሚገርመኝ፣ እህል ተደርድሮ ሰው ከጎኑ ይሞታል። ዋጋውም ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ሰውየው የሚገዛበት ስለሌለው ነው፣ በሬውን በርካሽ ሽጦ ጨርሷል፣ የሚሰራበት ቤት የለም። አዲስ አበባ ላለ ሰው "እህል አለ?" ቢባል አለ ነው መልሱ። ስለዚህ ቁጥር ስትሰበስቡ የእህሉን ብቻ አትሰብስቡ፣ የበሬውን ዋጋ ጻፉ፣ የቀን ሰራተኛውን ሂሳብ ጻፉ። በሬ ሲረክስ ነው እኛ ክፉ ቀን መጣ የምንለው።

ሀዋ ከሐይቅ

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። አማርቲያ ሴን የሚባለው የህንድ ኢኮኖሚስት የዛን ጊዜውን የወሎ ረሃብ ሲያጠና የደሴን ገበያ ዋጋ አይቶ የደረሰበት ልክ እርስዎ ያሉት ነው። በአገር ደረጃ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፣ የወሎ ገበሬ ግን የመግዛት አቅሙ አብሮ ሞተ፣ ጭራሽ ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው በመጽሐፍ የጻፈውን እርስዎ ከመንገድ ዳር አይተውታል። የበሬውን ነገር እውነት እላለሁ፣ እህል በስንት በሬ እንደሚገዛ በየሳምንቱ ቢጻፍ ከመኸር ሪፖርት በፊት ነው የሚናገረው።

ዲኤ ከደጋ

ይሄኛውን እኔ ልጽፈው እችላለሁ። ማንም አይገመግመኝም በበሬ ዋጋ፣ እቅድ የለውም። በየገበያው ቀን ቆሜ የአንድ ጥንድ በሬና የአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ መጻፍ ግማሽ ሰአት አይፈጅም።

እህል በረንዳ ኮምቦልቻ

ኩንታል ስትሉ ትዝ አለኝ። ገራዶ ከጻፍክ በኋላ ማታ ከሰራተኞቼ ጋር አንድ ነገር አደረግን። ከሰሞኑ የገባውን ማሽላ "ኩንታል" ተብሎ የተገዛውን 6 ጆንያ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አወጣነው። አንዱ 100 ሞላ። ሌሎቹ 92፣ 95፣ 88፣ 97 መጡ፣ አንዱ የተደፋው ጆንያ ደግሞ 106 ነበር። ገበሬው ቤቱ ተቀምጦ "8 ኩንታል አገኘሁ" ሲልህ ጆንያ እየቆጠረ ነው እንጂ ኪሎ እየቆጠረ አይደለም። እኔ ስገዛ በሚዛን ነው፣ ደብተሬ ላይ ከ3 አመት ወዲህ ያለው ሁሉ አለ፣ ከየት እንደመጣ ስንት ኪሎ እንደሆነ በስንት እንደገዛሁ። ለማንም አሳይቼው አላውቅም፣ የጠየቀኝም የለም።

ሀዋ እህቴ ይሄ ደብተር ይጠቅምሻል? የሰው ስም አውጥቼ የቀበሌውን ብቻ ትቼ ልሰጥሽ እችላለሁ።

ሀዋ ከሐይቅ

ወላሂ በጣም! የአንድ ነጋዴ ብቻ ስለሆነ አገሩን አይወክልም፣ ግን የጆንያውን ክብደት በየቀበሌው ለይተን ካወጣነው ገበሬው በጆንያ የሚናገረውን ወደ ኪሎ መመለስ እንችላለን። ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ከሰአት ብመጣ ትኖራለህ?

እህል በረንዳ ኮምቦልቻ

ቅዳሜ ከሰአት እህል ይራገፋል፣ ከ10 ሰአት በኋላ ነይ። ደብተሮቹ 4 ናቸው፣ አንዱ ዝናብ ነክቶት ገጹ ተጣብቋል፣ እስከዛ አደርቀዋለሁ።

የገራዶ ልጅ

እኔም እመጣለሁ። የድሮዋ ተንጠልጣይ ሚዛኔ ቤት አለች፣ ይዣት እመጣለሁ፣ ካንተ ሚዛን ጋር እናመሳክራት። ዲኤ አንተ ደግሞ የመጀመሪያውን የበሬ ዋጋ ስትጽፍ እዚሁ ላይ አስቀምጥልን፣ የገበያውን ቀን እንጂ የቀበሌውን ስም አትጻፍ።